ውሃው ሞልቶ ሞተሩ ለምን ይግላል? የዚህ ሳምንት ጥያቄዎቻችሁ

ዝናቡ አባርቷል፤ የቡና ለቀማውም ደርሷል። በዚህ ሰሞን ጅማ ውስጥ ሞተር ሳይክል እረፍት የለውም። ጆንያ ይጭናል፣ ሰው ያፈናጥጣል፣ ዳገት ይወጣል። ከደረሱኝ ጥያቄዎችም አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ሞተሬ ይግላል»። ስድስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ የሌሎቹ መልስ ግማሹ እሱ ውስጥ አለና።

«ሰላም ጋሼ። ሞተሬ 200 ሲሲ ነው፣ ባለ ራዲያተር። ራዲያተሩ ያንጠባጥብ ስለነበር አስበየድኩትና አዲስ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሞላሁ። ከዚያ ወዲህ ከመርካቶ ተነስቼ የጅሬንን ዳገት ሳላጋምስ ቀዩ መብራት ይበራል። ውሃው ግን አለ። መካኒኩ የውሃ ፓምፑን ቀይር ይለኛል። ልቀይር?» (ከሄርማታ)

ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ችግሩ መቼ እንደጀመረ ልብ በል። ራዲያተሩ ወርዶ ከተገጠመ በኋላ ነው። ውሃው ሲፈስ በምትኩ አየር ገብቷል። ከላይ ኩላንት ስትሞላ ደግሞ አየሩ ሁሉ አልወጣም። አየር ቀላል ስለሆነ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ውስጥ፣ ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው በር) ጋ፣ ወይም ቱቦው ጎብጦ ከፍ ያለበት ላይ። ፓምፑ ውሃ እንጂ አየር መግፋት አይሆንለትም። ስለዚህ ውሃው መዞሩን ይተዋል፤ ወይም እየተቆራረጠ ይዞራል። አየር ደግሞ ከጋለ ብረት ላይ ሙቀት ተቀብሎ እንደ ውሃ አይወስድም። የሙቀት ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ልኩን አያነብም፤ ቬንትሌተሩም (የራዲያተሩ ማራገቢያ) በሰዓቱ አይነሳም።

የአየር ምልክቱ ይታወቃል። ሙቀቱ ድንገት ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል። ሞተሩን ስታጠፋ ጀበና ሊገነፍል ሲል እንደሚያሰማው ያለ ጉርጉርታ ከውስጥ ይሰማል። የላይኛው ቱቦ ያቃጥላል፣ የታችኛው ግን ቀዝቃዛ ነው። እነዚህን ካየህ ፓምፑን ከመንካትህ በፊት አየሩን አስወጣ።

ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ከቆመ በኋላ ጀምር። ፊቱን ወደ ዳገት አድርገህ አቁመው፤ ሜዳ ከሆነ የፊት ጎማውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አውጣውና የኋላውን በደንብ አስደግፍ። የምንፈልገው የራዲያተሩ ክዳን ከሁሉም በላይ እንዲሆን ነው። ክዳኑን ክፈትና ኩላንቱን ቀስ ብለህ፣ እንደ ዘይት አቅጥነህ አውርደው። ቸኩለህ ከገለበጥከው አየሩን ራስህ ትቀብረዋለህ። እየሞላህ ቱቦዎቹን ላም እንደሚያልብ ሰው ጨመቅ ለቀቅ አድርግ። ሞተሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው። በእያንዳንዱ ጭመቃ ከአፉ ላይ አረፋ ብቅ ይላል።

አንዳንድ ሞተር ቴርሞስታቱ ጋ ወይም ራዲያተሩ ጫፍ ላይ ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን አለው። ካለህ ስትሞላ ትንሽ አላላት። መጀመሪያ አየር ትተፋለች፣ ቀጥሎ አረፋ የተቀላቀለበት ኩላንት፣ ከዚያ ንጹህ ኩላንት። ንጹሁ ሲመጣ ዝጋት። ጥርሷ የተቀመጠው አሉሚኒየም ላይ ስለሆነ በጉልበት አታጥብቃት። ከፓምፑ ሥር ያለችው ብሎን ግን ብዙ ጊዜ ማፍሰሻ ናት፤ አታምታታ።

አሁን ክዳኑ ክፍት እንደሆነ አስነሳው። ደጅ ላይ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሞተር ጭስ ሰው ይገድላል። ነዳጅ ሳትሰጠው ሚኒሞ ላይ ተወው። ፊትህን ከአፉ አርቀህ ተመልከት። ለጥቂት ደቂቃ አረፋው አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ግን ኩላንቱ ድንገት ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴ አንድ ትልቅ አረፋ ቡፍ ብሎ ይወጣል። ሞተርህን ሲያስጨንቅ የከረመው እሱ ነው። የጎደለውን ሙላ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ነዳጅ ስጠው። አረፋው ሲያቆምና ኩላንቱ ሲዞር ሲታይህ፣ መገንፈል ሳይጀምር ክዳኑን ግጠም። ትርፍ መያዣዋን ፕላስቲክ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሙላት።

አላለቀም። ትንሽ ንዳው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ከፍተህ እይ። ጎድሎ ታገኘዋለህ። ሙላና በማግስቱ ድገመው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዴ ሞልቶ «ጨረስኩ» ይላል። እኔም ከዓመታት በፊት ይህን ስለማላውቅ ቴርሞስታትና ፓምፕ ገዝቼ ቀይሬያለሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ምንም ሳይፈታ፣ የፊት ጎማዬን ድንጋይ ላይ አውጥቶ በሃያ ደቂቃ ጨረሰልኝ። የገዛሁት ዕቃ ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል። አንተ እንድትከስር አልፈልግም።

«ዳገት ላይ ሲፈላብኝ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፍቼ ውሃ እጨምራለሁ። ጓደኞቼ ተው ይሉኛል። እውነት ያን ያህል ያሰጋል?» (ከቆጪ)

ተው ያሉህ ይወዱሃል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ስለዚህ ንጹህ ውሃ ድስት ውስጥ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑ ላይ 1.1 የሚል ቁጥር ካየህ የግፊቱ ልክ ነው። በዚያ ግፊት ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሄዶም ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን የከፈትክ ቀን ግፊቱ በአንዴ ይለቀቃል፤ ውሃው በቅጽበት ገንፍሎ ከእንፋሎት ጋር ፊትህ ላይ ይመጣል። ጨርቅ አያድንም። ክንዱ እስከ ክርኑ የተላጠ ልጅ አይቻለሁ።

ጥላ ላይ አቁመው። አጥፋው። ግማሽ ሰዓት፣ ካስፈለገ ከዚያም በላይ ጠብቅ። ራዲያተሩን በባዶ እጅህ ይዘህ መቆየት ስትችል ያን ጊዜ ክፈት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ክዳኑን ራሱን ደግሞ እየው። ጎማው ደርቆ ከተሰነጠቀ ግፊት አይዝም። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከትርፍ መያዣዋ ኩላንት ስቦ የሚመልሰውም ይኸው ክዳን ነው። ጎማው ወይም ቀጭኗ ቱቦ ከተበላሹ በኩላንቱ ፈንታ አየር ይስባል። አየሩን አስወጥቶ በሳምንቱ ለሚመለስበት ሰው ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። ክዳን ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው።

«የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። የምነዳው የመሥሪያ ቤት ሞተር ነው። ኩላንት ስለማይገዛልን የጉድጓድ ውሃ ነው የምንሞላው። ይጎዳዋል?» (ከሰቃ ጨቆርሳ)

እህቴ፣ መንገድ ላይ ከምትቀሪ የጉድጓድ ውሃ ይሻላል። ለዘወትር ግን አይሆንም። የጉድጓድ ውሃ ማዕድን አለው፤ ሲሞቅ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ይጋገራል። ኩላንት ዝገትም ይከላከላል፤ ተራ ውሃ ያንን አያደርግም። ያልተበረዘ ኩላንት ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ይቀላቀላል። ጀሪካኑ ላይ ተበርዟል የሚል ካለ እንዳለ ይገባል። የተጣራ ውሃ ስትገዢ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡሽ ጽሑፉን አንብቢ፤ ዕቃቸው ይመሳሰላል። በቀለም አትመሪ፤ አረንጓዴና ቀይ የሚለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። አሮጌውን ኩላንት ግቢ ውስጥ አታፍሺው። ይጣፍጣል፣ ግን መርዝ ነው። ውሻም ሕፃንም ይልሰዋል። በጀሪካን ዘግታችሁ ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡት።

«ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወደ ዴዶ የምመላለስባት ቦክሰር ሞተር ትግላለች። የአየር ማስወጫው የት እንደሆነ ፈልጌ አጣሁ።»

አባቴ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም፤ የለም። ቦክሰር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ራዲያተርም ኩላንትም የለውም። ሲሊንደሩ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ክንፎች ይመልከቱ። የእኛ ቀይ ጭቃ መሃላቸው ገብቶ ከደረቀ ብርድ ልብስ እንደለበሰች ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በእንጨት ፈልፍለው፣ በብሩሽና በውሃ ያጽዱላት። ከዚያ የዘይቱን ልክ ይዩ። ቀጥሎ የኋላ ጎማውን አንስተው በእጅዎ ያሽከርክሩት፤ ፍሬኑ ይዞት ከሆነ ሞተሩ ሁልጊዜ ዳገት የሚወጣ ያህል ይደክማል።

«ከቡና መፈልፈያ ጆንያ የምጭንበት ባለ ሦስት እግር ሞተር አለኝ። ኩላንቱ ሙሉ ነው፣ ቬንትሌተሩም ይዞራል። ግን ከሰዓት በኋላ ይግላል። ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው አሉኝ።»

አትጣለው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በጅማ ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ውስጡም ቶሎ ያልቃል። ከተጠራጠርክ አውጥተህ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ውሃውን አሙቀው። ላዩ ላይ የተጻፈው ዲግሪ ብዙውን ጊዜ ከ90 በታች ነው። ስለዚህ እዚህ ጅማ ውሃው ከመፍላቱ በፊት አፉን መክፈት አለበት። ካልከፈተ በአዲስ ቀይር።

እኔ ግን የምጠረጥረው ገለባውን ነው። ራዲያተሩን ከፊት በባትሪ መብራት አብራበት። የቡና ገለባና አቧራ ከደፈነው ነፋስ አያልፍም። ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ እጠበው። ኃይለኛ ግፊት ክንፎቹን ያጥፋቸዋል።

«እንደ ምክርህ አየሩን ሦስት ጊዜ አስወጣሁ። አረፋው ግን አያቆምም። የሚፈስበትም አይታየኝም።»

ይሄኛው ያሳስበኛል። ክዳኑንና ቱቦዎቹን አይተህ፣ ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አጥብቀህ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላም አረፋው እንደ ሶዳ ሳያቋርጥ ከመጣ፣ ከውጭ የገባ አየር ላይሆን ይችላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ይሆናል። ሦስት ነገር እይ። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሏል? ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አይጠፋም? ኩላንቱ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ይጎድላል? አንዱ እንኳ ካለ አየር ማስወጣቱን ተው። ቴስታታው ወርዶ መታየት አለበት፤ ጠምሞ ከሆነም ተስተካክሎ ነው አዲሱ ጓርኒሲዮን የሚገባው። እስከዚያ አታስነሳው። ወደ ጋራዥም በጭነት መኪና ውሰደው እንጂ እየነዳህ አትሂድ።