ደሱ እና ደሱ፦ ፈረንሳይኛ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በትርጉም ሥራ ስለሆነ ፈረንሳይኛ ለመማር የተነሡ ልጆች ብዙ ጊዜ ምክር ይጠይቁኛል። ጥያቄያቸው በአብዛኛው የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ፣ የትኛውን መተግበሪያ ስልኬ ላይ ልጫን የሚል ነው። እኔ ግን በቅድሚያ ደብተራቸውን እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም እኔን ሁለት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ያስቀረኝ የገዛ ደብተሬ ነበር።

ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ለሦስት ተከፍሏል፤ በግራ የፈረንሳይኛው ቃል በላቲን ፊደል፣ በመሐል አነባበቡ በእኛ ፊደል፣ በቀኝ ትርጉሙ በአማርኛ ሰፍሯል። በአንዱ ገጽ ላይ ሁለት ቃላት ተከታትለው ይገኛሉ፤ በመሐለኛው ዓምድ ሁለቱም «ደሱ» ተብለዋል። የመጀመሪያው ትርጉም «ከላይ»፣ የሁለተኛው «ከታች» ነው። ላይና ታችን በአንድ ድምፅ የሚጠራ ሕዝብ እንዴት ሊግባባ እንደሚችል ያን ጊዜ ራሴን አለመጠየቄ አሁን ያስቀኛል። ድምፁ አንድ አልነበረም። ሁለተኛው «ደሱ» የሚያልቀው በእኛው ካዕብ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ግን አማርኛ በማያውቀው አናባቢ ነው። መስታወት ፊት ቁሙና ረዘም አድርጋችሁ «ኢ» በሉ፤ ከዚያ ምላሳችሁን ሳታንቀሳቅሱ ከንፈራችሁን ብቻ «ኡ» እንደምትሉ አሞጥሙጡ። የሚወጣው ድምፅ እሱ ነው። «ቢሮ» የምንለው ቃል በፈረንሳይኛ የመጀመሪያ አናባቢው ይኸው ነው፤ ከሌላ አፍ የሰሙት አባቶቻችን «ቡሮ» ሳይሆን «ቢሮ» ማለታቸው ጆሯቸው ወደ «ኢ» ማድላቱን ያሳያል።

በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችም እንዲሁ ናቸው። «ጥሩ» የሚለውን ቃል «ቦን» ብላችሁ ከጻፋችሁት፣ ምላሳችሁ «ን»ን ሊጠራ ወደ ላይ መሄዱ አይቀርም፤ ፈረንሳዩ ግን ቃሉን ለብቻው ሲጠራ «ን» የለበትም፣ ትንፋሹ በአፍንጫ ይወጣል እንጂ ምላሱ የትም አይነካም።

ይህን ስል ፊደላችንን ማቃለሌ አይደለም፤ የእኛም ጽሕፈት የሚደብቀው አለውና። «ገና» የሚለው ቃል ብቻውን ተጽፎ ቢገኝ በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም። የሚጠብቀውን ከሚላላው የምንለየው ፊደል ከመቁጠራችን በፊት በጆሯችን ስለገባ ነው። የፈረንሳይኛም አጻጻፍ የተሠራው ቋንቋውን አስቀድሞ ለሰማ ሰው ነው። «መናገር» የሚለው ግሥ ለ«እኔ»ና ለ«እሱ» ሲጻፍ አንድ፣ ለ«አንተ» ሌላ፣ ለ«እነሱ» ደግሞ ሦስተኛ መጨረሻ አለው፤ ሲነገር ግን አራቱም አንድ ናቸው። የእኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ስለሚዞር «እናገራለሁ» ካልን «እኔ» ማለት አያስፈልገንም። በፈረንሳይኛ ተውላጠ ስሙ ከወደቀ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይጠፋል፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪ ከሁሉ በፊት ማረም ያለበት ልማድ ይህ ይመስለኛል።

ቁጥርን በተመለከተ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ አንድ እንግዳ የስልክ ቁጥራቸውን በቃል ነገሩኝ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስልክ ቁጥርን ሁለት ሁለት አሃዝ እያጣመሩ ይናገራሉ፤ 97 ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» ነው። እኔም በታማኝነት 4፣ ቀጥሎ 20፣ ቀጥሎ 17 ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ስልኩ አልጠራ ሲል እንግዳውን ለመፈለግ ሆቴል ለሆቴል ዞርኩ። የቤልጅየምና የስዊዘርላንድ ሰዎች፣ የኮንጎ ኪንሻሳዎቹም ጭምር፣ ለ70ና ለ90 ራሱን የቻለ ቃል ስላላቸው ከእነሱ ጋር ይህ ችግር የለም። እናንተ ግን ከ60 እስከ 99 ያለውን በየቀኑ፣ መንገድ ላይ የመኪና ታርጋ እያነበባችሁም ቢሆን፣ ተለማመዱት።

ሌላው የማየው ስሕተት ፈረንሳይኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ መድረሳችሁ ነው። ፈረንሳዩ ዕድሜውን ሲናገር «ሃያ ዓመት አለኝ»፣ ሲርበው «ረኃብ አለኝ» ይላል። በእንግሊዝኛ የሚያስበው ተማሪ «ሃያ ዓመት ነኝ» ብሎ ያስቃል፤ «ሊብሬሪ» የሚል ጽሑፍ አይቶም ቤተ መጻሕፍት መስሎት መጽሐፍ መሸጫ ይገባል። በአንዳንድ ነገር አማርኛ ይሻላችኋል። «አንተ» እና «እርስዎ» ለማለት ማን ያስተምራችኋል? «ቱ» እና «ቩ» ከዚያ ብዙ አይርቁም። ሱቅ ገብቶ «ቦንዡር» ሳይሉ ዕቃ መጠየቅ ነውር መሆኑም ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። «ዠ» እና «ኘ» በአፋችን ያሉ ድምፆች ናቸው። በጾታ በኩል ግን ተጠንቀቁ፤ እኛ «ፀሐይ ወጣች» የምንላትን እነሱ በወንድ ይጠሯታል፣ ጠረጴዛ ደግሞ ሴት ናት። ምክንያት አትፈልጉለት፤ ስሙን ከፊቱ ከሚቆመው መስተአምር ከ«ላ» ጋር፣ «ላ ታብል» ብላችሁ፣ እንደ አንድ ቃል ያዙት።

ስለ ትምህርት ቤት ብዙ የምለው የለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቋንቋውን ሲያስተምር ኖሯል። ፈተና ካሰባችሁ «ዴልፍ» የተባለው ዲፕሎማ አንዴ ከተገኘ ጊዜው የማያልፍበት ሲሆን፣ «ቴ ሴ ኤፍ» ግን የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ ለቪዛ ወይም ለዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀው የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በሆነች ከተማ የምትኖሩ፣ ፈረንሳይኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነባት ጅቡቲም ጎረቤታችሁ የሆነች ወጣቶች ስለሆናችሁ፣ የሚያናግራችሁ ሰው አይጠፋም።

የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ «ኤር ኤፍ ኢ» የሚሉት፣ ለተማሪዎች በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያዘጋጀው ዜና አለ። በመጀመሪያው ሳምንት የምትይዙት የአገርና የመሪ ስም ብቻ ይሆናል፤ ግድ የለም፣ አዳምጡት። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ «ላ ጋር» የሚለውን ሰምቶ «ለገሃር» ያለው የከተማ ሰው ቃሉን ከመጽሐፍ አላገኘውም።

ደብተር አትያዙ አላልኩም። ገጹን እንደ እኔ ለሦስት ክፈሉት፤ በመሐለኛው ዓምድ ግን አነባበቡን ሳይሆን ቃሉን ከማን አፍ፣ የትና መቼ እንደሰማችሁት ጻፉበት። ያልሰማችሁት ከሆነ እስክትሰሙት ድረስ ባዶውን ይቆይ።