ከባድ ሥጋ የሚሸከም የጀርባ ቦርሳ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ወጥቼ ነበር። ባልደረባዬ አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ መታ። ሥጋውን ተካፍለን ስናወርድ ግን አበሳዬን አየሁ። የያዝኩት ለካምፒንግ የገዛሁት ባለ 65 ሊትር ቦርሳ ነው። መኪናው ጋ ሳንደርስ ትከሻዬ ተላጠ፤ ግራ እጄ እስከ ጣቶቼ ድረስ ደነዘዘ። ዘንድሮ የራሴን ታግ፣ ማለትም የአደን ፈቃድ አግኝቻለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «80 ሊትር ግዛ» ይለኛል። ሌላው ከ500 ዶላር በላይ የሆነ ቦርሳ አሳየኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ82 ነው፤ ወገቤ ቀጭን ነው። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ እጅህ። ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች የሚያልፉት በአጥቅህ አጥንት ሥር፣ ልክ ማንገቻው በሚጫንበት ቦታ ነው። ክብደቱ ሁሉ ትከሻህ ላይ ሲያርፍ ነርቮቹ ይጨፈለቃሉ፤ እጅህም ይደነዝዛል። ድንዛዜው እስካሁን ካልለቀቀህ ወይም እጅህ ዕቃ ለመያዝ ከሰነፈ፣ ቦርሳውን ትተህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ይሄ ጊዜ የሚሰጡት ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቦርሳው። ሊትሩን ለጊዜው እርሳው። ሊትር ስንት ዕቃ እንደሚገባ ይነግርሃል እንጂ እንዴት እንደምትሸከመው አይነግርህም። የአንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ ታፋ አጥንቱን እንደያዘ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል። ይህን የሚሸከሙልህ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፍሬሙ፣ ማለትም ቦርሳውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጠንካራ አጥንት፣ እና የወገብ ቀበቶው። ፍሬሙ ክብደቱን ወደ ቀበቶው ያወርዳል፤ ቀበቶው ወደ ዳሌ አጥንትህ፤ ዳሌህ ወደ እግርህ። የካምፒንግ ቦርሳህ ውስጥ ያለው ፍሬም ለመኝታ ከረጢት፣ ለድንኳንና ለምግብ የታሰበ ነው። 30 ኪሎ ሲጫንበት ይታጠፋል፣ ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ሸክሙ ተመልሶ ትከሻህ ላይ ይወድቃል። የደረሰብህ ይኸው ነው። የአንተ ድክመት አይደለም።

የአደን ቦርሳ ሠሪዎች ፍሬሙንና ቦርሳውን ለየብቻ የሚሠሩት ለዚህ ነው። ቦርሳው ከፍሬሙ ይላቀቃል፤ ሥጋው በመሃላቸው ይገባና በማሰሪያ ይጠብቃል። ሁለት ጥቅም አለው። ደሙ ልብስህና ምግብህ ውስጥ አይገባም። ክብደቱም ጀርባህ ላይ ይለጠፋል። በአንቀልባ የታዘለ ልጅ ጠበቅ ብሎ ሲታሰር ቀላል፣ ሲላላ ደግሞ እጥፍ እንደሚከብደው ማለት ነው። ሥጋው ከትከሻህ አጥንቶች መሃል እስከ ጀርባህ መሃል ይዋል። ከታች ከተንጠለጠለ ወደ ኋላ ይጎትትሃል፤ ከጭንቅላትህ በላይ ከወጣ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ያንገዳግድሃል።

ከመግዛትህ በፊት ጀርባህን ለካ። ቁመትህ ምንም አይነግረኝም፤ ረጅም ሰው ሆኖ እግሩ ረጅም፣ ጀርባው አጭር የሆነ ብዙ ነው። አንገትህን ወደ ፊት ስትደፋ ከአንገትህ ሥር ጎላ ብላ የምትወጣ አጥንት አለች። መለኪያው ከእሷ ይጀምራል። ከዚያ እጆችህን ወገብህ ላይ አድርግ፤ አውራ ጣቶችህ ወደ ኋላ ይሁኑ። የዳሌህን አጥንት ጫፍ ስታገኝ አውራ ጣቶችህን በሐሳብ በመስመር አገናኝ። ከአንገትህ አጥንት እስከዚያ መስመር ያለው የጀርባህ ልክ ነው። ሰው ይለካልህ፤ ለብቻህ ስትሆን ትጣመማለህ። ቁጥሩን ይዘህ ከሠሪው ሰንጠረዥ ጋር አስተያይ።

ፍሬሙ ደግሞ ከትከሻህ በላይ መውጣት አለበት። ከፍሬሙ ጫፍ ወደ ማንገቻው የሚወርዱ ሁለት ቀጫጭን ማሰሪያዎች አሉ፤ ሎድ ሊፍተር ይባላሉ። ጭነቱ ካለበት በኋላ ከትከሻህ ወደ ላይ ዘንበል ብለው ከወጡ ሥራቸውን ይሠራሉ። አግድም ከሆኑ ወይም ወደ ታች ከወረዱ ፍሬሙ ላንተ አጭር ነው። ተወው።

ቀጭን ወገብ ስላለህ ቀበቶው ላይ አትቸኩል። አጥብቀህ ስታስረው በግራና በቀኝ ያሉት ስፖንጅ ያለባቸው የቀበቶው ትራሶች ጫፍ ከፊት ከተገናኘ፣ ከዚያ በላይ የምታጠብቅበት ቦታ የለህም። ትንሹን መጠን ጠይቅ። የብዙዎቹ ቀበቶ ለብቻው ይሸጣል። ስትታጠቀው የቀበቶው መሃል የዳሌህ አጥንት ጫፍ ላይ ይረፍ፤ ሆድህ ላይ አይደለም። የኅዳርን ወፍራም ልብስ ለብሰህም ሞክረው።

ሱቅ ሄደህ ባዶውን አዝለህ «ይመቻል» ብለህ አትመለስ። ባዶ ሲሆን ሁሉም ይመቻል። መመለስ የሚፈቅድ ሱቅ ምረጥና ቤት አምጣው፤ መለያውን አትበጥስ። ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛው ባለ 25 ፓውንድ ጤፍ አለ አይደል? ሁለቱን በፎጣ ጠቅልለህ ሥጋው በሚገባበት ቦታ እሰር። 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ ሆነ። አሁን ማሰሪያውን ሁሉ አላላ። አዝለው፣ ትከሻህን ወደ ላይ ሰብቅ፣ ቀበቶውን ዳሌህ ላይ ቆልፈህ አጥብቅ፣ ከዚያ ትከሻህን መልስ። ማንገቻውን እስኪነካህ ብቻ ሳበው። ሎድ ሊፍተሩን ቀጥሎ፣ የደረቱን ማሰሪያ በመጨረሻ። ግማሽ ሰዓት ደረጃ ውጣ፣ ውረድ። ጣትህ በማንገቻውና በትከሻህ መሃል ያለ ችግር ካለፈ ዳሌህ እየሠራ ነው። ቀበቶው እየወረደ በየአምስት ደቂቃው ካጠበቅከው ያ ቦርሳ ላንተ አልተሠራም፤ መልሰው። ከተመቸህ ሦስተኛውን ጤፍ ጨምርና 34 ኪሎውን ቅመሰው። ብዙ ቦርሳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ዋጋው በግልጽ ልንገርህ። እንደ ስቶን ግላሲየርና ኤክሶ ያሉት፣ ሞንታናና አይዳሆ ውስጥ በአዳኞች የተጀመሩ፣ ከባድ ሥጋ ታስቦባቸው የተሠሩ ናቸው። ገንዘቡ የሚሄደው ፍሬሙና ቀበቶው ላይ ነው፤ ከመንገድ ርቀህ የምታድን ከሆነ ያወጣኸው አይቆጭህም። አቅም ካነሰ ግን ያገለገለ ጥሩ ፍሬም ፈልግ። አዲስ ርካሽ ከመግዛት ያገለገለ ጠንካራ ይሻላል ባይ ነኝ። ዘለበቶቹን ክፈትና ዝጋ፣ የቀበቶው ስፖንጅ ሞቶ እንደሆነ ጨምቀህ እየው፣ ስፌቱን በጣትህ ዳስስ። የምታድነው መኪና አጠገብ ከሆነ ባለ ጎማ ጋሪም ይበቃሃል። ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለ መሬት ውስጥ ግን ጋሪ በሕግ አይፈቀድም፤ ካርታህን እይ።

የትኛውም ቦርሳ ከመጠን ካለፈ ሸክም አያድንህም። አጥንቱን እዚያው አውጣው። የኮሎራዶ ሕግ የሚያስገድድህ የሚበላውን ሥጋ፣ ቢያንስ ሁለቱን ወርችና ሁለቱን ታፋ፣ የጀርባውን ሥጋና ፊሌቶውን እንድታወጣ ነው፤ አጥንት ተሸከም አይልህም። ጾታውን የሚያሳየው አካል ግን ከሥጋው ሳይለይ ይቆይ። ሥጋው ጥላ ላይ ተሰቅሎ ይብረድ፣ አየር በሚያስገባ ከረጢት ይግባ፤ ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ ከጨመርከው ይበላሽብሃል። ከዚያ በየተራ አውርደው። በአንድ ጊዜ ካላወረድኩ ብሎ ጉልበቱን ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ እባክህ አንተ እንዳትደግመው። ስትነሳም ቆመህ አታንሳው። ቦርሳውን ተዳፋት ላይ አስደግፍ፣ ቁጭ ብለህ ታጠቀው፣ በጉልበትህ ተንበርክከህ በዱላ ተነስ።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው፤ ባርኔጣህም ጭምር። ትልቅ ቦርሳ ስታዝል ግን የጀርባህ ቀለም ይሸፈናል። ቦርሳው ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ እሰርበት። ቀንድ ከጫንክ ቀንዱንም ጠቅልለው። ከኋላ የሚያይህ ሰው ሰው መሆንህን ይወቅ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር አብሬ ማደን ጀምሬያለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ57 ነው። የሱን አሮጌ ቦርሳ ልውሰድ ወይስ የራሴን ልግዛ? ከሲያትል

መልስ፦ እህቴ፣ የራስሽን ግዢ። የሱ ፍሬም ላንቺ ከረዘመ ቀበቶው ከዳሌሽ በታች ይወርዳል፤ ያኔ ምንም ብታጠብቂው አይሠራም። ጀርባሽን ከላይ እንደጻፍኩት ለኪ። ለሴት የሚሠሩት ቀበቶዎች ከዳሌ ጋር ሰፋ ብለው የሚሄዱ ናቸው፤ ማንገቻቸውም ጠበብ ብሎ የጡትን ዙሪያ ተከትሎ ይጎብጣል። ርዝመቱ የሚስተካከል ፍሬም ካገኘሽ በቀበቶ ቅያሬ ብቻ ሊበቃሽ ይችላል። ሥጋውን እኩል አትካፈሉ። ሸክም በሰውነት ክብደት ነው የሚከፈለው፤ አንቺ ወርቹን ያዢ፣ እሱ ታፋውን ይያዝ።

ጥያቄ፦ ቦርሳዬ በደም ተበከለ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ አይሆንም። ማሽኑ ውስጡ ያለውን ሽፋን ይልጠዋል። ፍሬሙን አውጣ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፍ፤ ሙቅ ውኃ ደሙን ያደርቅበታል። ለስላሳ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል። ጥላ ላይ አንጥልጥለህ አድርቅ። ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ደግሞ ካምፕ ስትወጣ ድንኳን ውስጥ አታስገባው፤ ድብ ይጠራል።