ስለ ሶኒክ 4 ጠይቁኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ

ሶኒክ የሴጋ ኩባንያ ቪዲዮ ጌም ነው፤ ጀግናው ፈጣን ሰማያዊ ጃርት ነው። እኔ በሜጋ ድራይቭ (የሴጋ የድሮ ጌም ማጫወቻ) ሶኒኮች ያደግኩ ሰው ነኝ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ሶኒክ 4ን ከፍታችሁ «ምን ሆነ ይሄ ልጅ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ፣ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው ሶኒክ ማኒያን ብቻ ነው። ሰው በ4 ላይ ለምን እንዲህ ይናደዳል?

በቁጥሩ ምክንያት ነው። ሶኒክ 3 እና ተከታዩ ሶኒክ ኤንድ ናክልስ የወጡት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሶኒኮች መጥተዋል፤ «4» የሚል ግን አልነበረም። በ2010 ኦክቶበር ላይ ሴጋ ዲምፕስ ከሚባል ጌም ሠሪ ኩባንያ ጋር የሠራው ጌም ያንን ቁጥር ይዞ ብቅ አለ። ሌላ ስም ቢሰጡት ኖሮ «ደህና ነው» ብለን ባለፍነው። «4» ሲሉት ግን 16 ዓመት የጠበቅነው ነገር መጣ ብለን ነው የተቀመጥነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሁሉም «ፊዚክሱ ተበላሽቷል» ይላል። ምን ማለት ነው? በቀላሉ አስረዳኝ።

ፊዚክስ ማለት የሶኒክ ፍጥነትና ክብደት የሚሠራበት ሕግ ነው። ራስህ ሞክረው። የመጀመሪያው ሌቭል፣ ስፕላሽ ሂል ግባ። ሩጥ፣ ዝለል፣ አየር ላይ እያለህ ጣትህን ከአቅጣጫው ቁልፍ ላይ አንሳ። ሶኒክ ወደፊት መሄዱን ትቶ ዱብ ይላል። አሁን ሶኒክ 2ን ክፈትና ያንኑ ድገም። ጣትህን ብታነሳም ይዞት የተነሳው ፍጥነት ይወስደዋል።

ሁለተኛው ሙከራ ቁልቁለት ነው። በድሮዎቹ ላይ እየሮጥክ ወደታች ስትጫን ሶኒክ ተጠቅልሎ ይንከባለላል፤ ቁልቁለት ካገኘ ደግሞ አይቻልም! ይህ እንዲሁ ስሜት ብቻ አይደለም፣ ስሌቱ ውስጥ አለ። በ1991ዱ የመጀመሪያ ሶኒክ ጌም ሶኒክ በእግሩ ሲሮጥ ተዳፋቱ በየፍሬሙ (ስክሪኑ ላይ በተከታታይ በሚቀያየረው በእያንዳንዱ ምስል) የሚሰጠው ግፊት በ0.125 ይባዛል፤ ተጠቅልሎ ሲወርድ ግን በ0.3125። 2.5 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሲንከባለል የመሬቱ ሰበቃ በግማሽ ይቀንሳል። በእግሩ በሜዳ ላይ ሲሮጥ ከ6 ፒክስል በላይ በፍሬም አይሄድም፤ ከዚያ የሚያሳልፈው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ መቼ መጠቅለል እንዳለብህ ማወቅ ራሱ ችሎታ ነበር። በ4 ላይ ስትጠቀለል ጭራሽ ትቀዘቅዛለህ፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሶኒክ ሳይወድቅ ቆሞ ታገኘዋለህ። ክብደት የሌለው ሶኒክ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ይኸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ይታለፍ ነበር።

ጥያቄ፦ ሌቭሎቹስ? የማውቃቸው መሰለኝ።

ታውቃቸዋለህ። ከድሮዎቹ ሶኒኮች የተቀዱ ናቸው፦ ስፕላሽ ሂል የድሮው ግሪን ሂል ነው፣ ካሲኖ ስትሪት የድሮው ካሲኖ ናይት፣ ሎስት ላቢሪንት የድሮው ላቢሪንት፣ ማድ ጊር ደግሞ የድሮው ሜትሮፖሊስ። መልኩን አመጡት፣ ነፍሱን ተዉት።

ጥያቄ፦ ሆሚንግ አታክ መጨመሩ አይደል ያበላሸው?

እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር አልስማማም። አየር ላይ እያለህ ድጋሚ ተጭነህ ጠላት ላይ መወርወር በራሱ መጥፎ አይደለም። ጥፋቱ ጠላቶቹን ገደል ላይ እንደ ድልድይ መደርደራቸው ነው። ተጫን፣ ተጫን፣ ተጫን፣ ተሻገርክ። ዝላይህን መመጠን ቀረ።

ጥያቄ፦ እውነቱን ንገረን፤ የልጅነት ናፍቆት ይዟችሁ እንጂ ጌሙ ደህና አይደለም እንዴ?

ናፍቆቱ አለ፣ አልክድም። ግን በ2017 ሶኒክ ማኒያ ሲወጣ ያው ናፍቆታችን ከእኛ ጋር ነበር፤ ያኔ ግን በደስታ ነው የተቀበልነው። ማኒያን የመራው ክርስቲያን ዋይትሄድ ራሱ ከአድናቂዎቹ መካከል የወጣ ሰው ነው። የራሱን ኢንጂን (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ሠርቶ በ2011 ሶኒክ ሲዲን ለአዳዲስ መሣሪያዎች ያበቃው እሱ ነው። አድናቂ ስለሆነ ብቻ አይደለም የተሳካለት፤ ከላይ ያልኩትን የቁልቁለት ነገር ከሥሩ ስለገባው ነው።

ጥያቄ፦ ኤፒሶድ 2ን ልሞክረው?

ሶኒክ 4 በክፍል በክፍል ነው የወጣው፤ እስካሁን ያወራነው ስለ መጀመሪያው ነው፣ ኤፒሶድ 2 ደግሞ የ2012ቱ ነው። የሶኒክ ጓደኛ ቀበሮው ቴይልስ ተመልሷል፣ እንቅስቃሴውም ከመጀመሪያው ይሻላል። በርካሽ ካገኘኸው ሞክረው። ሦስተኛው ኤፒሶድ ግን አልመጣም፣ ታሪኩ እዚያው ቀረ።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ወንድም አለኝ። ከሶኒክ ጋር ላስተዋውቀው ብል ከየትኛው ልጀምር?

እህቴ፣ ከሶኒክ 2 ጀምሪ። አንቺ ሶኒክን ያዢ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ለእሱ ስጪውና ቴይልስን ይያዝ። ቴይልስ ገደል ቢገባም ጨዋታው አይቆምም፤ ትንሽ ቆይቶ እየበረረ ይመለሳል። ከስክሪኑ ጠፍቶ በሰማይ ሲመጣ ፊቱን እዪው።