ሴራሚክ ሽፋንን ቤት ውስጥ መቀባት፦ ከሐዋሳ ባለመኪኖችና ባለብስክሌቶች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ሴራሚክ የተቀባ መኪና አይጫርም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ በዚህ ተስፋ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሳይ ከልብ አዝናለሁ። ሴራሚክ ሽፋን በቀለሙ ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ የሚጠጥር ፈሳሽ ነው። የደረቀው ሽፋን ውፍረቱ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ገደማ ሲሆን፣ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው 9ኤች ደግሞ ጥንካሬውን በእርሳስ ጫፍ የሚለካ ደረጃ ነው። ስለዚህ የሚፈናጠር ጠጠርን ወይም የቁልፍ ጭረትን አይመክትም። እውነተኛ ጥቅሙ ውኃና ጭቃ በቀላሉ እንዳይጣበቁ ማድረጉ፣ እጥበትን ማቅለሉና የቀለሙን ድምቀት ማቆየቱ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬን የማቆመው አሞራ ገደል አካባቢ ዛፍ ሥር ነው። ከወፍ ኩስ ያድንልኛል?

መልስ፦ ጊዜ ይሰጥዎታል እንጂ ፈጽሞ አያድንልዎትም። የአባ ኮዳም ሆነ የሌላ ወፍ ኩስ ፀሐይ ላይ ሲውል ሽፋኑንም ቀለሙንም ስለሚበላ፣ በዚያው ቀን ማንሳት ያስፈልጋል። የደረቀውን አይፋቁት፤ በውኃ የራሰ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ጣል አድርገውበት ሲለሰልስ ያንሱት።

ጥያቄ፦ አቀባቡን በዝርዝር ቢያስረዱን?

መልስ፦ ዋናው ሥራ ያለው ከመቀባቱ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ከሥሩ ያገኘውን ቆሻሻም ሆነ ጭረት አብሮ ያትመዋል። መኪናው በሻምፖ በደንብ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እጅዎን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገብተው ኮፈኑን በቀስታ ይዳብሱት፤ በባዶ እጅ የማይሰማ ሻካራነት በፌስታሉ በኩል ይሰማዎታል። ከሻከረ፣ ለመኪና ቀለም በተሠራው የማጽጃ ጭቃ፣ ላዩን በሻምፖ እያረጠቡ ያጽዱት። ጭረት ካለ ፖሊሽ ያድርጉት፤ በመጨረሻም የፖሊሹ ቅባት እንዲለቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጥረጉት።

ሲቀቡ ጣሪያ ሥር ወይም ጥላ ውስጥ ይሁኑ፤ ላሜራውም ሲነኩት ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ጓንት ያድርጉ፣ አየር የሚገባበት ቦታም ይምረጡ። በጨርቅ በተጠቀለለ ስፖንጅ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርገው ወደ ጎን፣ ከዚያም ከላይ ወደ ታች እየቀቡ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ቦታ ብቻ ይያዙ። ውኃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የሚያሳየው ዓይነት ኅብረ ቀለም ብቅ ሲል፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቀው በማይክሮፋይበር ይጥረጉት፤ በሞቃት ቀን ይህ ጊዜ ያጥራል። ወዲያው የስልክዎን መብራት በአግድም እያበሩ ይመልከቱ። ሳይጠረግ የቀረ ጠቆር ያለ ምልክት ካለ ያኔውኑ በቀላሉ ይለቃል፤ ከደረቀ ግን በፖሊሽ ካልሆነ አይነሣም። ከዚያ በኋላ መኪናው ለአንድ ቀን ውኃ አይንካው፣ ለሳምንት ያህልም በሻምፖ አይታጠብ። ጨርቆቹ ላይ የቀረው ፈሳሽ ደርቆ ስለሚጠጥርና ቀለም ስለሚጭር፣ ለሌላ ሥራ አያውሏቸው።

ጥያቄ፦ ብስክሌትም በዚሁ መንገድ ይቀባል?

መልስ፦ ፍሬሙና ሹካው በዚሁ መንገድ ይቀባሉ፤ ሐዋሳን ለመሰለ ብስክሌት ለሚበዛባት ከተማም ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ላይ ፈጽሞ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ጎማዎቹን አውልቀው ዲስኩንና የፍሬን ሸራውን ከሥራው ቦታ ያርቁ፤ ሸራው ቸርኬውን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የቸርኬውን ጎን አይቀቡ። የሚያንሸራትት ነገር የነካው ፍሬን ሕይወት ያሳጣልና ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ። ካቴናውም ዘይት እንጂ ሴራሚክ አያስፈልገውም። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ከሆነ ፖሊሽ አያድርጉት፤ ቦታ ቦታውን ያብለጨልጨዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጋራዥ ገብቶ በቅርቡ ቀለም ተቀብቷል። አሁን ልቀባው?

መልስ፦ ይታገሡ። አዲስ ቀለም ውስጡ የቀረው ማቅጠኛ ተንኖ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀቢውን ይጠይቁ፣ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኙ ግን ቢያንስ አንድ ወር ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈውን ለከርሞ ላስቀምጠው?

መልስ፦ አይሆንም። ከተከፈተ በኋላ ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሐደ ይጠጥራል። ለመኪናው ተቀብቶ የተረፈው ለአንድ የብስክሌት ፍሬም ሊበቃ ስለሚችል፣ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ይሥሯቸው።