ውፍረትና የውሻ ልብ፦ ምግቧን ከመቁረጥሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የዘጠኝ ዓመቷ ትንሿ ውሻሽ ወፍራለች፣ ማታ ማታ ያስላታል፣ ሐኪሙ ልቧ ላይ ተጨማሪ ድምፅ ሰምቷል። አንድ ወዳጅሽ ደግሞ «ስቡ በሚያመነጨው ሆርሞን ልቧን እየጎዳ ነው፣ ቶሎ አክሺያት» ብሎሻል። እኔ ሱሉልታ ለዓመታት ውሻ ያሳደግኩ፣ አንዱንም በልብ ሕመም እስከ መጨረሻው ያስታመምኩ ነኝ። አደራሽን፣ ልቧ ያለበትን ደረጃ ሳታውቂ አታስርቢያት።

ወዳጅሽ የነገረሽ ከባዶ የመጣ አይደለም። ስብ እውነትም ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሌፕቲን ለአንጎል «ጠግበናል» ብሎ የሚናገር ነው፤ ውፍረት ሲበዛ ሌፕቲኑም ይበዛል፣ አንጎል ግን መስማቱን ይተዋል። አዲፖኔክቲን የሚባለው ደግሞ ብግነትን ያበርዳል፤ ሰው ሲወፍር ይቀንሳል። ውሾች ላይ ግን የአዲፖኔክቲን ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። ልባቸው በታመመ ውሾች ደም ውስጥ ሌፕቲን ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ይህ ግን ሌፕቲን በሽታውን አመጣው ማለት አይደለም፣ የታመመ ልብም ሆርሞኖቹን ያዛባል።

ደግሞ የውሻ ልብ እንደ ሰው አይታመምም። ሰውን የሚጥለው የልብ ደም ስር በስብ መደፈን ውሻ ላይ ብርቅ ነው። ትንንሽ ውሾችን በብዛት የሚይዘው የማይትራል ቫልቭ (በግራ ልብ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር) ሕመም በዕድሜና በዘር የሚመጣ ነው። ቫልቩ ወፍሮ በደንብ መዝጋት ሲያቅተው ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሐኪሙ የሰማው ድምፅ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ አብልቼ ገደልኳት ብለሽ አትጨነቂ።

ዛሬ ማታ ጀምሪና ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ሲወስዳት ትንፋሿን ቁጠሪ። ደረቷ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ። እያለመች እግሯን ስታንቀጠቅጥ ከሆነ ተዪው፣ ቆይተሽ ድገሚው። ከ30 በታች ከሆነ መልካም ነው። ከ30 በላይ ከሆነና ስትደግሚውም ካልወረደ ሳንባዋ ውሃ መቋጠር ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሳትውዪ ሳታድሪ ውሰጃት። ሳሉ ብቻውን አይነግርሽም፤ የአየር ቱቧቸው የላላ ትንንሽ ውሾችም ያስላቸዋል፣ ውፍረት ደግሞ ያብስባቸዋል። ራጅ ያስፈልጋል፣ ከተገኘም የልብ አልትራሳውንድ። ቢሾፍቱ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ጠይቂ።

ልቧ ገና ካልደከመ ቀስ እያልሽ በወራት ቀንሺላት። በእኛ አካባቢ ውሻ የሚያወፍረው ከሥጋ ቤት የሚመጣው ሞራና የቤተሰቡ ሁሉ እጅ ነው፦ ልጆቹ ይጥሉላታል፣ ዘበኛው ይጨምርላታል፣ እማማ «ጦሟን አትደር» ይላሉ። አንድ ሰው ብቻ ይመግባት። ሞራውን ተዪው። የወጥ ትራፊውንም፤ ጨው አለው፣ ሽንኩርቱ ደግሞ የውሻ ቀይ የደም ሴል ያጠፋል። ጎኗን ስትዳብሺ ሳትጫኚ የጎድን አጥንቷ እጅሽ ላይ ከመጣ ይበቃታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣ የላብራዶሮች ጥናት 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል።

ልቧ ደክሞ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የልብ ድካም ያለባቸው ውሾች ላይ በተሠራ ጥናት ክብደት የጨመሩት ከቀነሱት የበለጠ ኖረዋል። ይህን በእጄ ዳብሼ አውቀዋለሁ። የኔው ውሻ ሆዱ ድብልብል ብሎ የሚያየው ሁሉ «እንዴት ወፈረ!» ይል ነበር። ጀርባውን ስዳብሰው ግን አከርካሪው እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆጠራል፣ ትከሻው ላይ ሥጋ የለም። ሆዱን የሞላው ውሃ ነበር። ያኔ ሐኪሙ ከሰጠው ፒሞቤንዳን (ልብን የሚያግዝ መድኃኒት) እና ፎሮሴማይድ (ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ) ጋር ዋናው ሥራችን የተቀቀለ ዶሮ ያለ ጨው፣ ለብ አድርገን፣ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ ነበር። ስለዚህ አንቺም ሆዷን ሳይሆን ጀርባዋን ዳብሺ።

የትንፋሿን ቁጥርና የራጁን ውጤት እዚሁ ጻፊልን፤ ስለ ምግቧ መጠን ያኔ በደንብ እንነጋገራለን።