ጀርባቸውን የማይሰጡ ታካሚዎች

በሜሪላንድ ከሚገኝ ኮሌጅ በራጅ ባለሙያነት ተመርቃ በቅርቡ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የተቀጠረች አንዲት ልጅ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ታካሚዎቹ ወሬ ያበዛሉ። አንድ የደረት ራጅ ለማንሳት የቬትናምን ጦርነት ከዳር እስከ ዳር መስማት አለብኝ፤ አለቃዬ ደግሞ ዘገምተኛ ነሽ ትለኛለች። ሳላስቀይማቸው እንዴት ላቋርጣቸው?» ትላለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ወረፋው ረጅም መሆኑን፣ አለቆችም በየወሩ ቁጥር እንደሚጠየቁ አውቃለሁ። ነገር ግን መልስ ልጽፍላት ስቀመጥ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከሐሳቤ ያልወጣ አንድ ሰው ትዝ አለኝና በሁለት መስመር መመለስ አቃተኝ። ስለዚህ በዚህ ሙያ ላላችሁትና ልትገቡበት ለምታስቡት ሁሉ እንዲሆን አድርጌ ጻፍኩት።

ስለ ብሔራዊው የምዝገባ ፈተና፣ ስለ 75ቱ ማለፊያ ነጥብ፣ በየሁለት ዓመቱ ስለሚጠየቀው 24 ክሬዲት ተከታታይ ትምህርት አልጽፍም፤ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ብዙ ልጆች ስለሚደናገሩበት አንድ ነገር ብቻ ልናገር። የፌዴራሉ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለሆስፒታሎቹ ባለሙያ ሲቀጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጎች ነው፤ ዜግነት የሌለው ሰው የሚቀጠረው ብቁ ዜጋ ሲታጣ ነው። ግሪን ካርድ ይዛችሁ አመልክታችሁ ወረቀቱ ቢመለስባችሁ በስማችሁ ወይም በአነጋገራችሁ ምክንያት አይምሰላችሁ።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። ጊዜው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ገና በፊልም ነበር የምንሠራው፤ ፊልም የያዘ ካሴት ተሸክመን ፊልሙ ወደሚታጠብበት ጨለማ ክፍል እንመላለስ ነበር። እኔ አዲስ ተቀጥሬ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ ስሆን፣ ከእኔ ጋር የተመደበው ባልደረባዬ በፍጥነቱ የሚመሰገን፣ አንድን ፊልም የሚደግመው ከስንት አንዴ የሆነ አንጋፋ ባለሙያ ነበር። ታካሚው የቬትናም ዘማች ነበሩ። ረጅምና ቀጭን፣ ከግራ እጃቸው ሁለት ጣት የጎደላቸው፣ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የገቡ ሰው ናቸው። የታዘዘላቸው ተራ የደረት ራጅ ነው።

ተራ የደረት ራጅ እንዴት እንደሚነሳ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን ለአንድ አፍታ በታካሚው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ደረቱን ግድግዳው ላይ ካለው መቅረጫ ጋር ያጣብቃል፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ የእጆቹን ጀርባ ወገቡ ላይ አድርጎ ትከሻውን ወደፊት ይገፋል። ልብ ወደ ደረት ፊት ያዘነበለ አካል ስለሆነ ለመቅረጫው ቀርቦ ከልክ በላይ ገዝፎ እንዳይታይ ነው ደረቱን ወደ መቅረጫው ማዞሩ። የራጁ ቱቦ በ180 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከኋላው ነው፤ በሩም ከኋላው ነው፤ ባለሙያውም ከኋላው ሄዶ ጨረር ከሚከላከለው የእርሳስ መስታወት ጀርባ ይቆማል። ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ ጨረሩ ከመውጣቱ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለው ማሽከርከሪያ ያጓራል፤ «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ይያዙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። በሕይወት የቆየው ጀርባውን ለማንም ባለመስጠቱ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ከዚህ የከፋ አቋቋም ማሰብ ይከብዳል።

ሰውየው እንደተባሉት ቆሙ፤ ባልደረባዬ ወደ መስታወቱ ሲሄድ ግን ዞር አሉ። መልሶ አቆማቸው። እንደገና ዞሩ። በሦስተኛው ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ከኋላ መጥቶ ትከሻቸውን ይዞ ወደ ግድግዳው መለሳቸው። ሰውየው እንደ ተኩስ ተፈናጠሩ፤ ክርናቸው መቅረጫውን መታ፤ ኮፍያቸው ወለሉ ላይ ወደቀ። ማንንም አልመቱም። ኮፍያቸውን አነሱ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይ ቆለፉና ወጡ። ባልደረባዬም ቀጣዩን ታካሚ እንድጠራ ነግሮኝ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ «ታካሚው ለምርመራው ፈቃደኛ አልሆነም። ጠበኛ ነው።»

እኔ አዲስ ካሴት ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሰውየው ሲዞሩ ዓይናቸው የሚፈልገው ማንን እንደሆነ አይቻለሁ፤ እኛን አልነበረም፣ በሩን ነበር። ይህን ልናገር አሰብኩና ተውኩት። አንጋፋውን ለማረም እኔ ማን ነኝ? እንግሊዝኛዬስ መች ይታዘዝልኛል? በሰዎች ፊት እንዳላፍር ብዬ ዋጥኩት።

ይህን ትንሽ ነገር የማነሳላችሁ ትንሽ ሆኖ ስላልቀረ ነው። በዚያን ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ሆስፒታል በወረቀት ሲሠራ፣ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ቪስታ የሚባል የራሳቸው የኮምፒውተር መዝገብ ነበራቸው፤ በዚህም እስከ ዛሬ የሚያኮራ ሥራ ተሠርቶበታል። ነገር ግን መልካሙን የሚያደርስ መዝገብ ክፉውንም ያደርሳል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኒያው ሰው ተመልሰው ሲመጡ የተቀባይ ክፍሉ ሠራተኛ ቀድሞ ደወለልኝና «የምትቀበለው ሰው አስቸጋሪ ነው፤ ጥበቃ ይምጣ?» አለኝ። መዝገቡን ስከፍት ያችን ጽሑፍ አገኘኋት። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ታዘው ያልተነሱት የደረት ራጅ ነበር። ኤጀንት ኦሬንጅ ለተባለው የቅጠል ማርገፊያ መርዝ የተጋለጠ የቬትናም ዘማች የሳንባ ካንሰር ቢይዘው መሥሪያ ቤቱ ሕመሙን ከአገልግሎቱ የመጣ አድርጎ እንደሚቆጥረው ታውቃላችሁ። እንግዲህ ከማንም በላይ ሳንባቸው መታየት የነበረበት ሰው ናቸው በዚያች «ጠበኛ» በምትል ቃል ምክንያት በየሄዱበት በጥርጣሬ ዓይን እየታዩ ከራጅ ክፍል ሲሸሹ የኖሩት።

በዚያን ቀን ጥበቃ አላስጠራሁም። ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ተገናኘንና ክፍሉን አሳየኋቸው፤ ይህ ሌላ በር የለውም፣ እኔ የምቆመው እዚህ ነው፣ ይህ ድምፅ የማሽኑ ነው አልኳቸውና ማጓራቱን ያለ ጨረር አሰማኋቸው። በሩን ክፍት አድርገህ አንሳኝ አሉ፤ ጨረር እያለ አይቻልም አልኩ። ዝም ተባባልን። በመጨረሻ ጀርባቸውን ለመቅረጫው፣ ፊታቸውን ለእኔና ለበሩ ሰጥተው እንዲቆሙ አደረግኩና ተነሡ። በማስታወሻው ላይም የአቋቋሙን ዓይነትና ምክንያቱን ጻፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ራዲዮሎጂስቱ ደውለው፣ ልቡ ገዝፎ ታይቷልና መጠኑን ለመናገር ያስቸግረኛል፣ እንደ ደንቡ ይደገም አሉ። እውነታቸውን ነው። ምክንያቱን ሳስረዳቸው ግን ትንፋሻቸውን ለቀው «ሳንባውን አነበዋለሁ» አሉ። ሰውየው አመሰገኑኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ የጠየቁኝ የሆስፒታሉ ቫን ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ብቻ ነው።

የሚቆጨኝ ያ ፎቶ የተነሳበት መንገድ አይደለም። የሚቆጨኝ በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ያለፉት ዓመታት ናቸው።

ስለ ዘመኑ ልጆች የማልወደውን ካልተናገርኩ ይህ ምክር የእኔ አይሆንም። ትቸኩላላችሁ። ከኮሌጅ ወጥታችሁ ዓመት ሳይሞላችሁ ሲቲና ኤምአርአይ ወደተባሉት የላቁ የምርመራ ማሽኖች ለመዝለል ታስባላችሁ፤ ደመወዙ ስለሚሻል አልፈርድባችሁም፤ ነገር ግን ሰው እንዴት እንደሚያዝ የሚማሩት ተራው ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። የጨረሩን መስክ በሚፈለገው አካል ልክ ማጥበብ ትታችሁ ሰፊ አድርጋችሁ ታነሱና ጠርዙን ኮምፒውተር ላይ ትቆርጣላችሁ፤ የተቆረጠው ምስሉ እንጂ ታካሚው የተቀበለው ጨረር አይደለም። በእኛ ጊዜ ጨረር ከበዛ ፊልሙ ጠቁሮ ያጋልጠን ነበር፤ ዲጂታሉ ግን ያስተካክልላችኋል፣ ስለዚህ ሳታውቁት መጠኑ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ይሄዳል። የስማችሁ ፊደል ያለበትን፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራውን የቀኝና የግራ ምልክት ኪሳችሁ ውስጥ ረስታችሁ በኋላ በኮምፒውተር የምትለጥፉትም አላችሁ። አንድ ቀን ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሲሆንባችሁ እኔን ታስታውሱኛላችሁ።

ይህን ብዬ ሳላበቃ የራሴን ቃል ማፍረስ ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ታካሚን ስለመንካት የማውቀውን ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ባልደረባ ናት። ኢራቅ ዘምታ የተመለሰች ነበረች፤ በእነዚህ ሆስፒታሎች ከሚሠሩት ብዙዎቹ ራሳቸው የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ከኋላ መጥታ ሰው አትነካም። ከፊት ቆማ እጇን ታሳያለች፣ ወዴት እንደምታሳርፈው ትናገራለች፣ ራሱን ነቅንቆ እስኪፈቅድላት ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ የሚወስድባት ጊዜ አንድን ፊልም ከመድገም ያነሰ ነበር። እሷን እያየሁ ስንቱን ዓመት በከንቱ ስሮጥ እንደኖርኩ ገባኝ። የእሷ እኩዮች ደግሞ አሁን ታካሚ ሆነው እየመጡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች ጭስ ለተጋለጡት መብታቸውን ስላሰፋ፣ የደረት ምርመራው ወረፋ የሽማግሌዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ሌላው በትምህርት ቤት የማይነግሯችሁ ነገር ፊታችሁን መግራት ነው። ምስሉን ከሐኪሙ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ። በዓመት በዓመት የሚመጡ ሰዎች ስለሆኑ ባለፈው ያልነበረው ጥላ ዘንድሮ ሲታይ ልባችሁ ይነግራችኋል፤ ታካሚው ደግሞ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ፊታችሁን ያነባል። «ምን አየህ?» ሲላችሁ መልሱ «ምስሉ ጥሩ ወጥቷል፤ ሐኪሙ አንብቦ ይነግርዎታል» ነው፤ ከዚያ አልፋችሁ አትናገሩ። ይሁን እንጂ አስቸኳይ የሚመስል ነገር ካያችሁ ታካሚውን ሳትሸኙ ለራዲዮሎጂስቱ ደውሉ።

በፊልም ላይ የቦምብ ፍንጣሪ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ሲበራ ሁልጊዜ አጎቴን አስታውሳለሁ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን ግንባር በእግሩ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ነው፤ ጭኑ ውስጥ ብረት እንዳለ በክረምት ሲያመው ያውቅ ነበር እንጂ አንድም ቀን ራጅ ተነሥቶ አላየውም። የራጅ ባለሙያ ዘመድ ነበረው፤ ዘመዱ ግን ባሕር ማዶ የሌላ አገር ወታደሮችን ፍንጣሪ ሲቆጥር ይውል ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አታቋርጫቸው፤ ግን እጅሽን ደግሞ አታስቁሚ። እሳቸው ሲያወሩ አንቺ ትእዛዙን ከስማቸውና ከልደት ቀናቸው ጋር ታመሳክሪያለሽ፣ ቱቦውን ታስተካክያለሽ፣ ምልክትሽን ታስቀምጫለሽ። ወሬው የሚቆመው «ትንፋሽ ይያዙ» ስትዪ ነው፤ ካነሳሽ በኋላ ምስሉን እያየሽ ከቆመበት ይቀጥላል። የኮሪያ ዘማች ሆነው ከ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የነበሩ አንድ አዛውንት የደረት መለያዬ ላይ ያለውን ስም አይተው ከክፍለ ጦራቸው ጋር ስለተሰለፉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች፣ ሌሊት ለቅኝት ስለሚወጡትና አንድም ምርኮኛ ስላላስያዙት ያጫወቱኝ ጉልበታቸውን በአራት አቅጣጫ በማነሳበት ጊዜ ውስጥ ነው፤ ወረፋውም አልተጓተተም።

አለቃሽ ካልተረዳችሽ ደግሞ ይህን ንገሪያት። ከላይ ያነሳኋት ባልደረባዬ ዘንድ ለኤምአርአይ ታዘው የመጡ አንድ ዘማች የመጠይቁን ቅጽ በሙሉ «የለም» እያሉ ሞልተው ነበር፤ ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል ለሚለውም «የለም» ብለዋል። የደም ሥር መርፌ ስታዘጋጅላቸው ግን ሞርታር አጠገባቸው ፈንድቶ ጓደኛቸው የሞተበትን ቀን ጀመሩላት። አላቋረጠቻቸውም። በመሐሉ፣ ሐኪሙ ዓይናቸውን በውኃ አጥቦ ለሁለት ቀን በፋሻ እንደሸፈነላቸው አነሱ። ብረት ወደሚስበው የኤምአርአይ ማግኔት ከመግባታቸው በፊት የዓይን ጎድጓዳ ራጅ እንዲነሱ ላከችልኝ፤ ሁለት አቅጣጫ አነሳሁላት፤ በቀኙ በኩል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብረት ነበረች። ኤምአርአዩ ተሰረዘና በምትኩ ሲቲ ስካን ታዘዘላቸው። እሷም የደህንነት ማስታወሻው ላይ የብረቱን ቦታ መዘገበች፤ በየትኛውም ከተማ በየትኛውም ሆስፒታላችን ቢሄዱ ባለሙያው ቀድሞ እንዲያየው።