እንጀራ ትተሽ ፓውደር ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ አየሁትና እንቅልፍ ነሳኝ። ጂም ከጀመርሽ 2 ወር ሆኖሻል፣ እንጀራ አቁመሻል፣ ግን ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ድው ድው ይላል። ትሬነርሽ ደግሞ «ፕሮቲን አንሶሽ ነው፣ ፓውደር ግዢ» ብሎሻል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽው። አትግዢ! ቢያንስ ይሄን ሳታነቢ አትግዢ። ያንቺ ነገር ቁርጥ የኔ ነው። ቢሮሽም እንደኔ አምባሳደር አካባቢ ከሆነ አልገረምም።

1. እንጀራውን መልሺው። እኔም ትቼ ነበር። ጠዋት ቡና ብቻ፣ ምሳ ሰላጣ ወይ እንጀራ የሌለው ትንሽ ምስር፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ በቀጥታ ጂም። ሰውነት ጠንከር ያለ ስፖርት ሲሠራ በብዛት የሚያቃጥለው ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ነው። እሱ የሚመጣው ደግሞ ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከድንቹ ነው። እሱ ካለቀ ትሬድሚል ላይ ገና ሳያልብሽ ጉልበትሽ ይከዳሻል። ትሬነሬ ግን «ካርቦ ጠላትሽ ነው» (እንጀራውን፣ ዳቦውን ማለቱ ነው) እያለ ሲምል ሲገዘት ከረመ። ለራሱ ከጂሙ ሥር ካለችው ምግብ ቤት ሙሉ ፍርፍር ሲያጣጥም በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሁን ከመሥራቴ 1 ሰዓት በፊት በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። በሶ ከሌለ ሙዝ። አለቀ።

2. ፓውደሩን ተይው። እኔ ገዝቻለሁ። ዋጋውን አልነግርሽም፣ እናቴም እስካሁን አታውቅም። ሂሳቡን ቁጭ ብዬ የሠራሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ስፖርት ለሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ በቀን ከ1.2 ግራም ጀምሮ ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይባላል። እኔ 58 ኪሎ ነኝ፣ 70 ግራም አካባቢ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ገደማ። ሽሮው፣ ክኩ፣ ወተቱ ሲደመርበት የጎደለኝ ትንሽ ነበር። ያንን ደግሞ ከሰፈር ሱቅ በ2 እንቁላል እሞላው ነበር። ደግሞ ሽሮን በእንጀራ ስትበዪ እህሉ የሚያንሰውን ጥራጥሬው፣ ጥራጥሬው የሚያንሰውን እህሉ ያሟላዋል። ጿሚ ከሆንሽ ግን ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን በእህልና በአትክልት አይገኝም። ፍስክ ሲሆን እንቁላሉንና ወተቱን አትለፊያቸው።

3. ደምሽን ተመርመሪ። ዋናው ይሄ ነው፣ መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ። ፓውደሩን 5 ሳምንት ጠጥቼ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጓደኞቼ ጋር መስቀል አደባባይ ደረጃ ልንሠራ ወጣን። ሦስተኛውን ዙር ስጀምር ዓይኔን ጥቁር ነገር ጋረደኝ። ቁጭ አልኩ። ጆሮዬ ጭው ይላል። ቱታቸውን እስከ አንገታቸው የዘጉ አንድ የማላውቃቸው አባት መጡና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። «ልጄ፣ ሳትበዪ ነው እንዴ የምትሮጪው?» አሉኝ። አፈርኩ።

ሰኞ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል «ምንሽን ነው?» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ድካም» ስላት «እሱማ ሁላችንም አለብን» ብላ ሳቀች። 2 ሰዓት ተጎልቼ ደም ሰጠሁ። ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 12.1። ያየኝ ሰውዬ «ኖርማል ነው፣ ጭንቀት ቀንሺ» ብሎ ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። አምኜው ሌላ 2 ወር ተንገላታሁ። እህቴ፣ የከሰርኩት እዚህ ላይ ነው እንጂ ፓውደሩ ላይ አይደለም።

በአክስቴ ጉትጎታ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። እሳቸው የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ስበው አዩ። ወር አበባዬ ይበዛ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥለው «ማኪያቶ መቼ ነው የምትጠጪው?» አሉኝ። መቼ ይሆናል! ምሳ እንደተበላ ነዋ፣ ሳህኑ ሳይነሳ። አንዳንዴ ሁለት።

ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ይዞ አንጀት በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋል አሉኝ። በተለይ የምስሩንና የጎመኑን ብረት፣ እሱ ድሮም ከሥጋው ብረት ባነሰ መጠን ነው ሰውነት የሚገባው። «ጤፍ ብረት አለው አይደል እንዴ?» ብዬ ተከራከርኩ። (ጤፉን ራሴው እንደተውኩት ረስቼ!) ሳቁ። ጤፍ ሲወቃ አውድማው ላይ አፈር ስለሚነካው ከብረቱ ብዙው የአፈሩ ነው፣ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ሊጡ ሲቦካ ግን ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል።

12.1ዱስ? ለሴት የደም ማነስ መነሻው ከ12 በታች ነው፣ እሱ ግን ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው የወጣ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የኛ ቁጥር ከዚያ ከፍ ማለት አለበት። «በዚህ ደም ደረጃ መሮጥሽ ራሱ ይገርማል» አሉኝ። ፌሪቲን አዘዙልኝ፣ ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚለካ ምርመራ ነው። ለአዋቂ ከ15 በታች ከሆነ ጎተራው ባዶ ነው። የኔ 7 ወጣ።

ለ3 ወር የብረት ኪኒን ዋጥኩ። ሰገራ ያጠቁራል። ማንም ስላልነገረኝ ደንግጬ በሌሊት አክስቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። አንቺ ግን ሳትመረመሪ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትውጪ፣ ብረት ሲበዛም ይጎዳል።

4. ቃሪያ። ጥሬ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቫይታሚን ሲ ያለበት ሁሉ ከምስሩና ከጎመኑ ጋር ሲበላ ብረቱን ያስገባዋል። ሽሮዬ ላይ ሎሚ ስጨምቅ ቢሮ ውስጥ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ምሳዬ 6 ሰዓት ተኩል፣ ማኪያቶዬ 9 ሰዓት ሆኗል። መጀመሪያ ሳምንት ራሴን ፈለጠኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። 5ኛ ልል የነበረውን ረሳሁት።

ባለፈው ኅዳር የታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር አንዴም ሳልቆም ጨረስኩ። ትሬነሬ ሜዳሊያዬን አይቶ «ፓውደሩ ሠራ አይደል?» አይለኝም? የተረፈውን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ። ባዶውን ዕቃ እናቴ አጥባ የሽሮ ዱቄት አስቀምጣበታለች። ክዳኑ ግጥም ስለሚል በጣም ወዳዋለች። «ስንት ገዛሽው?» ትለኛለች በየጊዜው።